መንጋጋሽ ቀጭ ስለሚለው፦ ጥርስሽን ከማስሞረድሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አፍሽን ስትከፍቺ ቀኝ ጆሮሽ ሥር ቀጭ ይላል፤ ጠዋት ስትነሺ ጉንጭሽን ተገትሮ ታገኚዋለሽ፤ የጆሮ ሐኪም «ጆሮሽ ደህና ነው» ብሎ ሸኝቶሻል፤ አሁን ደግሞ ጥርስሽ ተሞርዶ ይስተካከል ተብለሻል። እኔም በዚሁ ነገር ብዙ ስለተንገላታሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መሞረዱን አቆዪው። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፤ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀላል እንክብካቤ የሚሻል ነው። ገና ከመነሻው የማይቀለበስ ነገር ካቀረቡልሽ ሌላ ሐኪም ብታማክሪ ማንም አይቀየምሽም፤ ቢቀየምም ይቀየም።

ስለ ድምፁ፦ ጣትሽን ከጆሮሽ ፊት ለፊት አድርገሽ አፍሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ከጣትሽ ሥር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው፤ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፣ አፍሽ ሲሰፋ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በእሱና በራስ ቅሉ መሀል ዲስክ የሚሉት ቀጭን ንጣፍ አለ። ንጣፉ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ከነበረ፣ አፍ ሲከፈት ተመልሶ ቦታው ሲገባ ቀጭ ይላል። ካላመመሽ ድምፁ ብቻውን መድኃኒት አይፈልግም፤ ስንቱ ሰው እያንቋቋ ይኖራል። ድምፁ ድንገት ጠፍቶ አፍሽ አልከፈት ካለ ግን ዲስኩ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዪ። ደህና አፍ 40 ሚሊሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ይከፈታል፤ በግርድፉ ሦስት ጣትሽን ደርበሽ በፊት ጥርሶችሽ መሀል ማስገባት ነው።

ያንቺ ጉንጭ ጠዋት መገተሩ ግን እኔን ይበልጥ ጡንቻውን ነው የሚያስጠረጥረኝ። ጥርስሽን ስትነክሺ ጉንጭሽ ላይ ጉብ የሚለውን ጡንቻ ጫን በዪው። የእኔ ሲጫን ሕመሙ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ ጆሮ ታይቶ ምንም የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምላስሽንም በመስታወት እዪ። ጠርዙ እንደ እኔው የጥርስ ቅርጽ ታትሞበት ከሆነ ሳታውቂው እየነከስሽ ሊሆን ይችላል፤ በሌሊት ብቻ ሳይሆን በቀንም። መንጋጋ ሲያርፍ ከንፈር ይገጥማል እንጂ ጥርስ ከጥርስ አይነካካም። እኔ ስልክ ላይ መልእክት ስጽፍ መንጋጋዬ ግጥም ብሎ አገኘዋለሁ፤ አሁን ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ምላሴን ላንቃዬ ላይ አሳርፌ ጥርሴን አላቅቃለሁ። ካደረግኩት ሁሉ የረዳኝ ይሄ ነው፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ግን ሰው አያምነኝም።

ሌላው የታወቀ ነው፤ ሲብስ ለስለስ ያለ ምግብ፣ ማስቲካ መተው፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ሲያዛጉ አገጭን በእጅ መደገፍ። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። የመንጋጋ ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ ካገኘሽ አትለፊው። በልክሽ ተሠርቶ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቀው መከላከያ ጥርስሽን ከመበላት ያድናል፣ አንዳንዱንም ሰው ከሕመሙ ያሳርፋል፤ ጥርስ ማፋጨቱን ግን አያስቆምም። ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን ይሁን፤ የፊት ጥርስን ብቻ የሚይዘው ለረጅም ጊዜ ሲደረግ አገጣጠምሽን ሊቀይረው ይችላል። የድብርት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪምሽ ንገሪው፤ አንዳንዶቹ ጥርስ ያፋጫሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪ። መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብና ቀዶ ጥገና ይህ ሁሉ ተሞክሮ ላልተሻለው ሰው የሚታሰቡ ናቸው።

እብጠት ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ፊትሽ ከደነዘዘ፣ ወይም አፍሽ ከተቆለፈ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደረጃ ስትወጪ የሚነሳና ስታርፊ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ደግሞ ከልብ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጥርስ ሐኪም አይወሰድም። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ አዲስ የራስ ምታት ከያዘው ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ በዚያው ዕለት ይታይ፤ የደም ሥር ብግነት ከሆነ ዓይን ያጠፋል።