ላይትሩም 6 የሠርጉን ፎቶ አልከፍት አለኝ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካኖን ኢኦኤስ አር6 ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሠርግ በራው (ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አነሳሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ላይትሩም 6፣ ግን ፋይሎቹን አልከፍት አለ። ጓደኛዬ «ራው ምን ያደርግልሃል፣ በተለመደው ጄፔግ አንሳ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ፋይሎቹ ደህና ናቸው። ሁለት ቦታ እስክትገለብጣቸው ድረስ ግን ካርዱን ፎርማት እንዳታደርግ።

ችግሩ የዕድሜ ነው። ላይትሩም 6 የመጨረሻ ማሻሻያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ካሜራህ የሚጠቀመው ሲአር3 የሚባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ የወጣው በ2018። ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ላይትሩምን ከለመድከው አዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተርን በነፃ አውርድ። ሲአር3ውን ላይትሩም 6 ሊያነበው ወደሚችል ዲኤንጂ ወደሚባል የራው ዓይነት ይቀይርልሃል። ከመቀየርህ በፊት ምርጫዎቹ ውስጥ ገብተህ ለድሮ ስሪት እንዲስማማ አድርገው። ዋናዎቹን ፋይሎች እንዳትሰርዝ።

እኔ ለአንተ የምመርጠው ግን የካኖንን የራሱን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ነው። እሱም ነፃ ነው። ካሜራው ስክሪን ላይ ያየኸውን ቀለም እንደያዘ ይከፍትልሃል፤ በሌሎቹ ስትከፍተው ፎቶው ፈዞ ሊታይህ ይችላል። ቀርፋፋ ነው፣ አንድ ሺህ ፎቶ ለመምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዳርክቴብል የሚባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው፣ አቅሙም ትልቅ ነው፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሙሽሮቹ ፎቶ እየጠበቁ አትጀምረው። አዲሱ ላይትሩም በየወሩ የሚከፈልበት ስለሆነ ሥራው ገንዘብ ሲያመጣ ታስብበታለህ።

በጓደኛህ ሐሳብ አልስማማም። የእኛን ሠርግ አስበው። ጠይም ፊት፣ ዙሪያውን ነጭ ነጠላ፣ ከላይ የቀትር ፀሐይ። ጄፔግ ለአንድ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ ባለ 14 ቢት ራው ግን 16,384። ጨለም ብሎ የተነሳ ፊት ስታበራው ሳይበላሽ የሚወጣው በዚህ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ስታነሳ ለነጠላው ተጠንቀቅ። የሃይላይት (የደማቅ ቦታ) ማስጠንቀቂያውን አብራ፤ ከልክ በላይ የነጣው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። ካሜራው ይህን የሚያሰላው ከጄፔጉ ስለሆነ ትንሽ ብልጭታ ከራው ላይ ሊመለስ ይችላል። ነጠላው በሙሉ ብልጭ ድርግም ካለ ግን የትኛውም ሶፍትዌር ላያድነው ይችላል። ሥራ ስጀምር የአንዲት የሙሽራ እናት ጥለት እንዲህ ጠፍቶብኛል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኤዲት ስታደርግ ከዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን ከማስተካከል) ጀምር። መምረጫውን ነጠላው ላይ፣ ያልተቃጠለና ጥለት የሌለበት ቦታ ላይ ጠቅ አድርገው። አዳራሹ ውስጥ ባለ ቀለም መብራት ካለ ይህ አይሠራም፤ የሰዎቹን ፊት እያየህ በእጅህ አስተካክል። ቀጥለህ ሃይላይቱን ዝቅ፣ ሻዶውን (ጨለማውን ቦታ) ከፍ አድርግ። ከዚያ ማስተካከያውን ኮፒ አድርገህ በተመሳሳይ ብርሃን በተነሱት ላይ ለጥፈው። ይህ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ ያድንሃል።

ሲያልቅ ኤስአርጂቢ በሚባለው፣ አብዛኛው ስልክና ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የቀለም ዓይነት ጄፔግ አድርገህ አውጣው። በቴሌግራም ስትልክላቸው ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ። እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ የለፋህበት ጥለትም ይደበዝዛል።