ፕሮቲኑን ከመምረጣችሁ በፊት ናሙናውን ጠይቁ

«አዲስ ባዮማርከር ለማግኘት የትኛውን ፕሮቲን ልከተል?» የሚል የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ባዮማርከር ማለት በደም ወይም በሰገራ ተለክቶ በሽታን የሚጠቁም ነገር ነው። ስለ ፕሮቲኑ ብዙ የምለው የለኝም። ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ ቁጭት ስለ ናሙና ነው።

አንጀትን ለዓመታት የሚያስቆጡትን ሁለት በሽታዎች፣ ክሮንስንና አልሰሬቲቭ ኮላይተስን፣ በጊዜ ለመለየት የሚደረግ ጥናት ብዙውን ጊዜ ገና ሲጀመር የሚስተው በሰዎች ምርጫ ነው። በአንድ ወገን ለዓመታት የታመሙ፣ በሌላው ወገን ምንም የማያማቸው የላቦራቶሪ ባልደረቦች ይሰለፋሉ። እነዚህንማ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ተራው የደም ምርመራ፣ ሲአርፒም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለያቸዋል። ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ሆዱን እየቆረጠውና እያስቀመጠው የመጣ፣ ገና ምክንያቱ ያልታወቀለት ሰው ነው። ማነጻጸሪያችሁ እሱ ይሁን።

የሚያንገበግበው ስህተት ግን ቀጥሎ ይመጣል። የታማሚዎቹ ደም ክሊኒክ ተቀድቶ ሴንትሪፊውጅ (ደሙን እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) እስኪገባ አራት ሰዓት ይቆያል፤ የጤነኞቹ እዚያው ላቦራቶሪ ተቀድቶ ወዲያው ይለያል። ደም ሲቆይ ፕሌትሌቶችና ነጭ የደም ሴሎች የያዙትን ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ቀይ ሴሎች ከፈነዱም ሴረሙ (ከረጋው ደም ላይ የሚለየው ፈሳሽ) ይቀላል። ከዚያ «እንዳይምታታ» ተብሎ የታማሚዎቹ 40 ናሙና በአንድ ፕሌት (ናሙና የሚሞላበት ባለብዙ ጉድጓድ ሳህን)፣ የጤነኞቹ 40 በሌላ ፕሌት ይሞላል። ሁለተኛው ፕሌት የሚሠራው በማግስቱ ነው፤ ሪኤጀንቱም (የመለኪያው ኬሚካል) ከሌላ ሎት፣ ማለትም ከሌላ የምርት ዙር፣ የወጣ። ውጤቱ ሲታይ ያምራል፤ ሁለቱ ቡድኖች ሳይነካኩ ተለያይተዋል። የተለያየው ግን ማክሰኞና ረቡዕ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ኋላ በስሌት ይስተካከላል የሚል አይጠፋም። በሽታውና ፕሌቱ አብረው ከሄዱ ግን አንዱን ከሌላው የሚነጥል ቀመር የለም።

መከላከያው ርካሽ ነው። የሁሉም ደም ከተቀዳ በኋላ እኩል ጊዜ ቆይቶ ይለይ፤ ሴረሙ በ200 ማይክሮሊትር ተከፋፍሎ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ፤ አንዴ የቀለጠው ተመልሶ አይቀዝቅዝ። ታማሚና ማነጻጸሪያ በየፕሌቱ በዕጣ ይደባለቁ፤ የሚለካው ሰው የቱ የማን እንደሆነ አይወቅ፤ ከብዙ ሰው ተቀላቅሎ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ሴረምም በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ይግባ። እሱ ከፕሌት ፕሌት ከዋዠቀ ችግሩ የእናንተ ነው።

የዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተር ከእኛ ትውልድ እጅግ ትበልጣላችሁ። ሰገራ መመዘን ግን ትጸየፋላችሁ። እስካሁን ክሊኒክ ውስጥ ጸንቶ የቆመው ካልፕሮቴክቲን የሚለካው ከዚያው ነው፤ ከሰገራ የማውጫው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ከኖርዌይ ታትሞ ወጣ። ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ተቆጣው አንጀት ሲገቡ ይዘውት የሚመጡት፣ ባክቴሪያ በቀላሉ የማይሰብረው ፕሮቲን ነው። 100 ሚሊግራም ሰገራ ከ4.9 ሚሊሊትር ማውጫ ፈሳሽ ጋር ይበጠበጣል፤ 1 ለ50 መሆኑ ነው። ዝልግልግ የሆነው ማንሻው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ውጤቱ ዝቅ ይላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፍ ያደርጉታል፤ የአንጀት ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ስለዚህ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በላይ የሆነ ሁሉ ክሮንስ አይደለም፤ ከ50 እስከ 250 ያለውን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መድገም ይሻላል።

ስሌት ከወደዳችሁ ይህን ሥሩ። ከ10,000 ሰዎች 30ዎቹ ታማሚ ይሁኑ፤ ምርመራው ከታማሚም ከጤነኛም 90 በመቶውን በትክክል ይለይ። 27 ታማሚዎች ይያዛሉ፤ 997 ጤነኞችም አብረው ይያዛሉ። ማን ለኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን በካሜራ ለማየት፣ ይላክ? ከአራቱ አንዱ ታማሚ በሆነበት ክሊኒክ ግን ያው ምርመራ ከያዛቸው አራት ሰዎች ሦስቱ እውነተኛ ታማሚዎች ናቸው።

አዲስ ፕሮቲን አታሳዱ እያልኩ ራሴን የሚያፈርስብኝ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ጦር ለዓመታት ባስቀመጠው የወታደሮች ሴረም፣ ክሮንስ ከመታወቁ እስከ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሚታይ የፕሮቲኖችና የፀረ እንግዳ አካላት ለውጥ ተገኝቷል። ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ምልክቱ ያን ያህል አልጎላም። ይህን ሳነብ እኔም ያማረኝ አዲስ ፕሮቲን ማሳደድ ነበር። ግን ያን ግኝት ያስቻለው ሰዎቹ ገና ጤነኛ ሳሉ ተቀድቶ የተቀመጠው ደም ነው፤ የነገው ታማሚና የነገው ጤነኛ ያን ቀን በአንድ ወረፋ ቆመው ነበርና። እናንተም ዛሬ ቱቦው ላይ የተቀዳበትንና ፍሪዘር የገባበትን ሰዓት ጻፉበት፤ በእስክሪብቶ አይሁን፣ ይጠፋል።