ብርድ ልብሱን ግለጡት

በደሴና በኮምቦልቻ የነርስነትና የሰመመን ሙያ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ ፒያሳ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ልቡ የተሰፋ ሕፃን ቱቦው ሲወጣለት ይችል አይችል አስቀድሞ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ቆሜ የመለስኩላት አላረካኝም፤ ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ይኸው ጻፍኩላችሁ።

የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ከገባ አልተሳካም እንላለን፤ 24 ወይም 72 የሚቆጥሩም አሉ። ልቡ ገና ትናንት ለተሰፋ ሕፃን ዳግም ቱቦ ማስገባት ከባድ ነገር ነው። በዚያች ደቂቃ ኦክስጅኑ ያሽቆለቁላል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ይህን የፈራ ሰው «ለነገ ይደር» ይላል። ማደሩም ግን ዋጋ አለው፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር ሳንባው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ የትንፋሽ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ቱቦ አውጥቶ አንድም ልጅ ተመልሶበት የማያውቅ ክፍል ካያችሁ፣ ልጆቹን ከሚገባው በላይ አቆይቶ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ በቱቦው በኩል አየር የሚገፋለት ይህ የመተንፈሻ ማሽን ለዚህ ልጅ ምን ተሸክሞለታል? ሸክሙንስ ነገ ማን ይረከበዋል?

ጉሮሮውን ተሸክሞለታል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የሕፃን የአየር መንገድ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የሚቀረው ቀዳዳ የቀድሞው ሩብ ብቻ ነው። ቱቦው እያለ ይህ አይታይም። ልቡንም ተሸክሞለታል፤ ይህንን ብዙዎች ይረሱታል። ማሽኑ አየር እየገፋ ሲያስገባ ለግራው የልብ ክፍል ደም መርጨት ይቀልለዋል። ልጁ በራሱ መሳብ ሲጀምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፣ በግራው ክፍል ላይ ያለው ጫናም ይከብዳል። ማሽን ላይ ደኅና ይመስል የነበረ ልብ ቱቦው በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲደክምና ሳንባው ውሃ ሲቋጥር አይቻለሁ።

የጡንቻውን ነገር የተማርኩት በጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት፣ እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል፣ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረው ቀዳዳ የተደፈነለት የስምንት ወር ሕፃን ነበር። እናቱ ከኩታበር ናት። የማሽኑ ቁጥር ሁሉ አምሮ ስለነበር ጠዋት እኔው ቱቦውን አወጣሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እናትየው፣ «ዶክተር፣ ሆዱ ምነው አንድ ጎኑ ሰረጎደ?» አለችኝ። «አብሽሪ» ብያት ወደ ሌላ አልጋ አለፍኩ። ቀትር ላይ የአፍንጫው ክንፎች ይርገበገቡ ጀመር። ማታ ቱቦው ተመልሶ ገባ። በአልትራሳውንድ ስናይ የቀኙ ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ፣ አይሠራም። ያንን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ የልቡን ከረጢት ታክኮ ስለሚወርድ በቀዶ ሕክምናው ተጎድቶ ኖሯል። ማሽኑ ሲገፋ የደከመው ጎን ከደኅናው እኩል ይነሣ ስለነበር ኤክስሬዩም አልነገረንም። ድጋፉን ቀንሼ፣ ብርድ ልብሱን ገልጬ ሆዱን ባየው ኖሮ አውቀው ነበር።

እናንተ ግለጡት። ማሽኑን ወደ ዝቅተኛ ድጋፍ አውርዳችሁ፣ ልጁ በራሱ ሲተነፍስ አጠገቡ ቁሙ። ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጣ ገባ ስለሆነ የ15 ሰከንዱን በአራት አታባዙ። ሳክሽን ስታደርጉ፣ ማለትም አክታውን በመሳቢያ ስታወጡለት፣ በደንብ ያስላል? አክታው ወፍሯል? ማስተኛ መድኃኒቱ ለቆታል? ከገባለት ፈሳሽ ስንቱ በሽንት ወጣ? በቱቦው ዙሪያ አየር ሲሾልክ ይሰማል? መሹለኩ አለመሰማቱ ብቻውን አያስቀርም፤ የጉሮሮ እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፣ በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን አትንኖ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) የሚሰጠውም አድሬናሊን አልጋው ዘንድ ይሁን። ጨቅላው፣ ክብደቱ የጎደለው፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት፣ ከቀዶው በፊትም በማሽን የነበረው፣ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ከፍ ያለው፣ ለብዙ ቀን ቱቦ ላይ የቆየው፣ እነዚህ ሁሉ ከሌላው ይልቅ ወደ ቱቦው ይመለሳሉ። እነዚህን ደምረው ዕድሉን በቁጥር የሚሰጡ ስሌቶች አሉ፤ ተማሯቸው። አንዳቸውም ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ የልጁን ሆድ አያዩላችሁምና።

የአገራችሁንም ከፍታ አስቡ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ የሳንባ ደም ሥር ይጨማደዳል። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ልባቸው ታክሞ ወደ እናንተ የሚመለሱ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በሳንባ ምች ታሞ ክፍላችሁ ቢገባና ማሽን ላይ ቢውል፣ ደኅና በነበረበት ጊዜ ኦክስጅኑ ስንት እንደነበር ከካርዱ ፈልጉ፤ በባሕር ጠለል ላይ ላለ ልጅ በተጻፈ ልክ አትፍረዱበት።

ያ ሕፃን በኋላ ድያፍራሙ ተወጥሮ ተሰፋለት። ቱቦው በሁለተኛው ሲወጣ እናቱን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኳትና መዳፏን ሆዱ ላይ እንድታሳርፍ ነገርኳት። እስከ ማታ አላነሣችም። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«አሁን እኩል ነው» አለችኝ። ይህንኑ ካርዱ ላይ የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው።