መስመር ፈላጊውን ማሽን ብቻ አምነህ እንዳትቆፍር

ወንድሜ፣ «ለጂ ፕላስ ቱ መሠረት ሰኞ ኤክስካቫተር ይገባል፣ ከመሬት በታች ያለ መስመር የሚያሳይ ማሽን ብከራይ ይበቃኛል?» ብለሃል። አይበቃህም። እኔ እሱን አምኜ ነው የከሰርኩት።

1ኛ፣ ያ ማሽን የሚያገኘው ብረትና ኤሌክትሪክ ያለበትን ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ አብሮት የተቀበረ ሽቦ ከሌለው አስር ጊዜ ብትመላለስበትም ድምፅ አያሰማም። በእኔ ግቢ የመብራቱን ኬብል ጥርት አድርጎ አሳየን፣ በኖራ አሰመርንበት፣ ደስ አለን። ኤክስካቫተሩ በሌላው ጥግ ገና ሁለተኛውን ባኬት ሲያነሳ ጥቁሩ የውሃ ቧንቧ ተጎትቶ ወጣ። ሰፈሩ ሁለት ቀን ውሃ አጣ። አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ውሃውን ጠጥቶ ጎኑ ተናደ፣ የማሽን ኪራይ እንደገና ከፈልኩ። ከጎን ያሉት እማማ ደግሞ «ልጄ፣ ያ ቧንቧ ሲቀበር እኮ ለሠራተኞቹ ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ ብትጠይቀኝ አላሳይህም ነበር?» አሉኝ። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ የቆዩ ሰዎችን ጠይቅ።

2ኛ፣ ለውሃም፣ ለመብራትም፣ ለቴሌም ደብዳቤ አስገባና የገቢ ቁጥሩን ያዝ። እኔ በቃል ብቻ ነበር የጠየቅኩት። አንዱ ቢሮ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ካርታው ያለው ሰው ፊልድ ወጥቷል» ይለኛል። ቧንቧው ሲበጠስ ግን የቅጣት ወረቀት ይዘው በዚያው ቀን ከተፍ አሉ! የምከራከርበት ወረቀት በእጄ ስላልነበረ ከፈልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ የእህቴን ቤት ሳስቆፍር እንደዚያ አላደረግኩም። መጀመሪያ አጥሩን ዞርኩ፤ ማንሆል፣ የቫልቭ ክዳን፣ አስፋልት ላይ ተቆርጦ የተጠገነ መስመር ካለ ወዴት እንደሚያመራ አየሁ። ከዚያ መሠረቱ በሚያልፍበት ሁሉ በቀን ሠራተኛ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ዶማ ከልክዬ በአካፋ ብቻ። 70 ሳንቲ ገደማ ላይ ጥቁሩ አፈር አለቀና አሸዋ ብቅ አለ። «አቁሙ!» አልኩ። ዋልካ ውስጥ አሸዋ በራሱ አይመጣም፣ ሰው ነው ያለበሰው። በአካፋው ጫፍ ቀስ ብለው ሲገልጡት የሸክላ ጡብ ተደርድሯል። ጡብ ከላይ የሚደረደረው ኬብሉን ቆፋሪ እንዳይመታው ነው፤ ከሥሩ ኬብል አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም፣ ይነሳልን ብለን አመለከትን። ኦፕሬተሩ «ይሄን ባኬቱ ቢያገኘው ኖሮ» ብሎ ዝም አለ።

የሰኞውን ማሽን ለሐሙስ አዛውረው። እስከዚያ በእጅ አስቆፍር።