ከባናው ጀርባ የዘፈነው ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንቺ ድምፁን ሥሪ፣ ቪዲዮው ላይ ግን ሌላ ልጅ ትታያለች ተባልኩ። ክፍያው ደህና ነው። ምን ይሉኛል?» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልስ አላጣም። ግን የመንዙ ልጅ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፣ 1970ዎቹ መጀመሪያ። ቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረው። ሻይ ቤት በገባችሁ ቁጥር ቦኒ ኤም የሚባለው የፈረንጅ ባንድ «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ነው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር 5 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ እዚያው ብቻ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እኛ ጋ የደረሰው ግን ተቀድቶ ተቀድቶ በሻከረ ካሴት ነው።

ይህን ዘፈን በቡድናችን የሚዘፍነው የመንዙ ልጅ እንግሊዝኛ አይሆንለትም። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል። አንድ አስተማሪ ግጥሙን ሲተረጉምለት «እንዴ! ይሄማ ዳዊት 136 ነው!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ባቢሎን ወንዝ ዳር ሆነው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ምርኮኞች ናቸው። ከዚያ ወዲያ አዘፋፈኑ ሁሉ ተለወጠ። የቡድኑ ኃላፊ ሃይማኖት እንዳይሸተው ብለን «ሞስኮ ሄደው የዘፈኑ ናቸው» አልነው። ውሸት አይደለም፣ ሄደዋል። ፈቀደ።

ልጁን ግን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ይሄ መድረክ ላይ አይወጣም» አለ። የፊት ጥርሱ ተሰብሯል፣ እግሩ ላይ በረባሶ ነው። አፍሮውን ያበጠረ አንድ ሎጋ ፊት ቆሞ አፉን እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። የመንዙ ልጅ መጋረጃ ተብሎ ከተሰቀለ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ጀርባ ቆመ። ያለችን አንዲት ማይክ ናት፤ ገመዷን በባናው ሥር አሾለክንለት። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በዘፈነ ቁጥር ከአፉ ጭስ ይወጣል። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ሎጋው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቴፑ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ባዶ ካሴት ግን አልነበረም፤ ያለው አንዱ ለኃላፊው ንግግር ተይዟል። ንግግሩ ተቀዳ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብረ ሲና ቆሎ ስገዛ አገኘሁት። (ቆሎውም እንደ ድሮው አይደለም።) የከባድ መኪና ሾፌር ሆኗል። «ና እንቅዳህ» ብለው «የቱን ዘፈን?» አለኝ። ሎጋውን ከተማው አሁንም «ቦኒ ኤም» እያለ ነው የሚጠራው።

ኋላ ስሰማ ቦኒ ኤምም ያው ሆኖ ተገኘ። ያ የሚወዛወዘው የባንዱ ወንድ ቦቢ ፋረል ስቱዲዮ ውስጥ አልዘፈነም፤ የወንዱ ድምፅ የፕሮዲውሰሩ የፍራንክ ፋሪያን ነው። ሰውዬው ይህንኑ ሚሊ ቫኒሊ በተባሉ ሁለት ልጆች ደገመውና እ.ኤ.አ. በ1990 የግራሚ ሽልማታቸው ተነጠቀ። «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን»ንም ቢሆን አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1970 የሠሩት ጃማይካዎቹ ሜሎዲያንስ ናቸው። እነሱ «ኪንግ አልፋ» የሚሉት ጃንሆይን ነበር፣ የአንኮበሩን የሣህለ ሥላሴን ዘር። ቦኒ ኤም ጋ ሲደርስ እሳቸውም ከግጥሙ ወጡ።

እና መልሴ «እንቢ በይ» ነው? መሆን ነበረበት። ግን እውነት ለመናገር እኔም ቦቢ ሲወዛወዝ ባላይ ያን ካሴት አልፈልገውም ነበር። ሰው በዓይኑም ይሰማል። ብሩም ብር ነው፤ የቤት ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላ አመል አላችሁ። ድምፃችሁን አፕ እያቃናላችሁ ሁላችሁም አንድ ሰው መሰላችሁ። የኛ ባና ጀርባ ቢያንስ ሰው ነበረበት።

ድምፃችሁን ከሰጣችሁ ግን ስማችሁ ይጻፍ፤ ቪዲዮው ላይም፣ ውሉ ላይም። «በቃል ተስማምተናል» የሚላችሁን አትስሙ። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለላችሁ። አውርዱና ስለ ከዋኝ (እንደ ዘፋኝ ያለ ሥራውን የሚያቀርብ ሰው) የሚለውን ክፍል አንብቡ። ሌላው ካልገባችሁ ጠበቃ ይየው።