አንድ ነቀዝ አዲስ ዝርያ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ጫካ ውስጥ ከረገፈ ቅጠል ሥር አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አገኘሁ። ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ አፏ ግን እንደ ዝሆን ኩምቢ ረዝሞ ወደ ታች ታጥፏል። እህል የሚበላውን ነቀዝ ብትመስልም ክብነቷ ይለያታል። «አዲስ የነቀዝ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ደጋግሜ አነባለሁና፣ አንድ ጥንዚዛ ከዚህ በፊት ያልታወቀ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? መመደቡና ስም ማውጣቱስ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የገለጹልን የአፍ ቅርጽ ወደ ነቀዝ ያመለክታል። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ነቀዝ የምንለው እህል የሚያበላሸውን ሁሉ ነው፤ የነፍሳት ተመራማሪዎች ግን ቃሉን የሚያውሉት አፋቸው ወደ ፊት ለረዘመ አንድ ትልቅ የጥንዚዛ ጎራ ነው። በዚህ አመዳደብ ባቄላና ሽንብራ የሚበሳው «ነቀዝ» ከነቀዝ አይቆጠርም፤ የሚመደበው ቅጠል በል ጥንዚዛዎች ከሚገኙበት አስተኔ (ተዛማጅ ዝርያዎች አብረው ከሚመደቡበት ቤተሰብ) ነው። በአንጻሩ በሕይወቱ እህል ቀምሶ የማያውቅ፣ በአበባ ብናኝ፣ በግንድ ወይም በሥር የሚኖር እልፍ ነቀዝ አለ። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች 62,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ገና ያልተገለጹት ሲጨመሩ ቁጥሩ 220,000 ሊደርስ እንደሚችል ባለሙያዎች ገምተዋል። ስለዚህ የእርስዎ ጥንዚዛ ስም አልባ ብትሆን የሚያስገርም አይደለም።

በስፋት ተቀባይነት ያገኘው አመዳደብ ነቀዞችን በሰባት አስተኔዎች ይከፍላቸዋል። ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ አንቴና ነው፤ የጥንታዊዎቹ አስተኔዎች አንቴና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ከሁሉም የሚበዙት እውነተኛ ነቀዞች አንቴና ግን እንደ ክርን ይታጠፋል። ይሁንና ዓይን የሚያየው ምልክት ሊያሳስት ይችላል። የዛፍ ቅርፊት ሥር የሚቦረቡሩት ጥንዚዛዎች ረጅም አፍ ስለሌላቸው ለብዙ ዘመን ራሳቸውን እንደቻሉ አስተኔ ሲቆጠሩ ኖረው፣ የእጫቸው አሠራርና ዘረመላቸው ሲመረመር ከእውነተኛ ነቀዞች መካከል የሚመደቡ ሆነው ተገኝተዋል።

አዲስ ዝርያ የሚገኘው ጫካ ውስጥ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ በእኔ እምነት ግን እውነተኛው ግኝት የሚፈጸመው ጠረጴዛ ላይ፣ በንጽጽር ነው። ለምሳሌ የሩዝና የበቆሎ ነቀዝ የሚባሉትን ሁለት ዝርያዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው፣ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ክንፋቸው ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ያሏቸው ናቸውና በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ። አስተማማኙ ልዩነት የሚታየው የወንዱ የመራቢያ አካል ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው፤ የሩዙ ነቀዝ የአካሉ የላይኛው ገጽ ለስላሳ ሲሆን፣ በበቆሎው ላይ ግን ሁለት የተዘረጉ ቦዮች ይታያሉ። አዲስ ነው የተባለ ነቀዝም በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ በየቤተ መዘክሩ ከተቀመጡት የቀድሞ ናሙናዎች ጋር ይመሳከራል። ልዩነቱ ሲረጋገጥ መግለጫው በሳይንሳዊ መጽሔት ይታተማል፤ ለስሙ ቋሚ ማስረጃ የሚሆን አንድ ናሙናም ተመርጦ፣ ወደፊት የሚጠራጠር ሁሉ ሄዶ እንዲያየው በቤተ መዘክር ይቀመጣል።

ሥራው አዝጋሚ ስለሆነ የሚያፋጥን መንገድ መፈለጉ አልቀረም። ጀርመን በካርልስሩኸ ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራው አሌክሳንደር ሪደል ከባልደረቦቹ ጋር፣ ትሪጎኖፕተረስ የሚባሉትን ጥቃቅን ነቀዞች በአጭር የዲ ኤን ኤ ቅንጣት እየለየ፣ መግለጫውን አሳጥሮና ጥርት ያለ ፎቶግራፍ አያይዞ ማቅረብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኒው ጊኒ ብቻ 101 ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ አስተዋወቁ፤ ስም ሲያልቅባቸውም ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የስልክ ማውጫ የቤተሰብ ስሞችን ወስደዋል። በ2019 ደግሞ ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ 103 ጨመሩ፤ ከዚያ በፊት ከደሴቲቱ የሚታወቀው በ1885 የተገለጸ አንድ ዝርያ ብቻ ነበር። እነዚህ ነቀዞች መብረር ስለማይችሉ ከተራራ ተራራ አይሻገሩም፤ በየተራራው ተነጥለው የኖሩትም በረጅም ዘመን የየራሳቸው ዝርያ ሆነዋል።

ስለ ጥቅሙ ለጠየቁት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ የሳልቪኒያ ታሪክ ነው። ይህ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በብዙ አገሮች ሐይቅና ወንዝ ሲሸፍን፣ ሌላ የቅርብ ዘመዱ ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ ከዚያ ዘመዱ ላይ የተሰበሰበ ነቀዝ በደቡባዊ አፍሪካ ተለቀቀበት፤ ነገር ግን አረሙን ሊገታው አልቻለም። አረሙ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በ1972 ከተለየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ወደ ትክክለኛ መገኛው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ሄደው እዚያ የሚበላውን ነቀዝ ሰበሰቡ። በ1980 አውስትራሊያ ውስጥ ሙንዳራ በሚባለው ሐይቅ ላይ ሲለቀቅ፣ ወደ 200 ሄክታር ይሸፍን የነበረውን አረም ከዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አጠፋው። የሚደንቀው፣ ነቀዙ ሲለቀቅ እንኳ ያው የቀድሞው እንደሆነ ይታመን ነበር፤ የተለየ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ ሳይርቶባጎስ ሳልቪኒዬ የሚለውን ስም ያገኘው በ1985 ነው። የአረሙም የነቀዙም ስም ተምታትቶ ሳለ የባከኑት ዓመታት ቀላል አይደሉም።

የእርስዎን ጥንዚዛ በተመለከተ ከፎቶግራፍ ብቻ ዝርያዋን መናገር ስለማይቻል፣ ናሙናዋን በጠንካራ አልኮል ውስጥ ቢያስቀምጧት ዲ ኤን ኤዋም ሳይበላሽ ይቆያል። የተገኘችበትን ቦታና ቀን፣ ከተቻለም ከፍታውንና በአካባቢው የነበረውን ተክል በወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው እዚያው አልኮሉ ውስጥ ይጨምሩት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከዚያ ነፍሳትን ለሚያጠና ቤተ መዘክር ወይም ዩኒቨርሲቲ ያስረክቡ። አንዲት ብቻ ከሆነችና ሴት ከሆነች ቁርጡን ለማወቅ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ከዚያው ቅጠል ሥር ሌሎች መኖራቸውን ተመልሰው ቢያዩ መልካም ነው።