ጭሱን ለመተው፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአጫሾችና ከአጫሽ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ቁጣና ማሸማቀቅ ሲጋራ ያስተዋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ የተጠየቅሁትን በቀጥታ እመልሳለሁ።

«ሃያ ዓመት አጭሻለሁ። ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ከሲጋራ ይሻላል የሚሉኝም፣ ያው ነው የሚሉኝም አሉ። ማንን ልመን?» (የታክሲ ሾፌር፣ ከቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ሱስ የሚያስይዝዎት ኒኮቲኑ ነው። ካንሰሩን፣ የልብና የሳንባ በሽታውን የሚያመጣው ግን በዋናነት ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው፤ ታሩ (በጭሱ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር)፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ፣ ሌላውም መርዝ። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል እ.ኤ.አ. በ1976 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) «ሰው የሚያጨሰው ለኒኮቲኑ ነው፤ የሚሞተው ግን በታሩ ነው» ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው።

ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ትምባሆ የለም፤ ፈሳሹ ሞቆ ይተናል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2015 ጉዳቱ ከሲጋራ በ95 በመቶ ያህል ያነሰ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። በቁጥሩ ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ ቬፕ ለረጅም ዓመታት ሲሳብ ምን እንደሚያደርግ ገና ተጠንቶ አላለቀምና እኔም ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ልኬት አልወስደውም። ለነባር አጫሽ ጉዳቱ ከሲጋራ እንደሚያንስ ግን አልጠራጠርም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ስብስብም ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከኒኮቲን ማስቲካና ከፓች (ቆዳ ላይ ከሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር) የበለጠ ሰው ሲጋራ እንደሚያስተው ጠንካራ ማስረጃ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ወጣቶችን ወደ ሱስ ይስባል ብሎ ስለሚሰጋ ቬፕን አይመክርም። ስጋቱ እውነተኛ ነው።

እርስዎ ከሞከሩት ሁለት ነገር ይጠብቁ። ከመንገድ አይግዙ፤ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሳንባውን የታመመው በአብዛኛው የካናቢስ ዘይት ባለበት፣ ቪታሚን ኢ አሲቴት በተቀላቀለበት የጥቁር ገበያ ቬፕ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ። መኪና ውስጥ ቬፕ፣ ከመኪና ሲወርዱ ሲጋራ ከሆነ ያተረፉት ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

«የኒኮቲን ማስቲካ ገዝቼ ነበር። ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ ስቅታ ይይዘኛል፣ ሐራራዬን ግን አላስታገሰልኝም። የምወስደው ጠዋት ከቡናዬ ጋር ነው።» (ከሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ ቡናውን ከማስቲካው ለዪ። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በአፍሽ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ነው፤ ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ አፍን አሲዳማ ስለሚያደርጉት በደንብ አይሰርግም። ማስቲካውን ከመያዝሽ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አትጠጪ።

አኘካኘኩም የተለየ ነው። ቀስ እያልሽ ጥቂት ጊዜ ታኝኪዋለሽ፤ በርበሬ በርበሬ ሲልሽ ወይም አፍሽን ቆንጠጥ ሲያደርግሽ ታቆሚና በጉንጭሽና በድድሽ መካከል ታሳርፊዋለሽ። ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ታኝኪያለሽ፤ እንዲህ እያልሽ ግማሽ ሰዓት ያህል። ዝም ብለሽ ካላመጥሽው ኒኮቲኑ ከምራቅሽ ጋር ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ስቅታውና ማቃጠሉ የመጣው ከዚያ ነው። ከእንቅልፍሽ በተነሳሽ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትለኩሺ ከሆነ ደግሞ ባለ 2 ሚሊግራሙ ያንስሻል፣ ባለ 4ቱን ውሰጂ። ፓች ለጥፎ ሐራራው ሲመጣ ማስቲካ መጨመር ደግሞ አንዱን ብቻ ከመያዝ ይሻላል።

ቡና ከተነሳ አይቀር፣ ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቆም ያ ፍጥነት ይቀንስና ያው የለመዳችሁት ቡና በደም ውስጥ እጥፍ ያህል ካፌይን ይተዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣ ሰው ሲጋራ ባቆመ ሰሞን ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፤ ሐራራው ነው ብሎም ተመልሶ ይለኩሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናችሁን በግማሽ ቀንሱ፣ በአቦል ተነሱ። ይህ የሚመጣው ከጭሱ እንጂ ከኒኮቲኑ ስላልሆነ ወደ ቬፕ ወይም ወደ ማስቲካ የቀየረ ሰውም ያጋጥመዋል። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ሕመምተኛ ደግሞ ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ በዚሁ ምክንያት ከፍ ይላል።

«አባቴ አዲስ አበባ ነው፣ በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል። ከዚህ ቬፕ ገዝቼ ልላክለት?» (ከዱባይ)

አትላክለት። ዱባይ ከ2019 ጀምሮ ሽያጩ የተፈቀደ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቬፕና ሺሻ መሸጥም ለንግድ ማስገባትም ክልክል ነው። ፈሳሹ ባለቀ ቀን አባትህ ወደ ሱቁ ሲጋራ ይመለሳሉ።

ፓች ግን ይጠቅማቸዋል። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ሰው በተለመደው አሰራር በባለ 21 ሚሊግራሙ ይጀመራል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 7 ይወርዳል። በቅርቡ የልብ ሕመም ካጋጠማቸው መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ።

ወጣቱን ለመጠበቅ የወጣውን ክልከላ እረዳለሁ፤ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ብቻ ነበር፣ እንዳይጨምር መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን ከ2009 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ሲጋራ በየሱቁ እየተሸጠ አንድ አዛውንት ፓች ከልጃቸው ሻንጣ መጠበቃቸው ያሳዝነኛል። በየፋርማሲው መገኘት አለበት።

«ሺሻ ውኃው ያጣራዋል አይደል?»

አያጣራውም። ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፣ ውኃው ጭሱን ማቀዝቀዝ ነው የሚችለው። ጋያም እንደዚያው ነው።

«ከ20 ሲጋራ ወደ 3 አውርጃለሁ። ይበቃል?»

ወደ ማቆሙ ከወሰደዎት ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ከቆሙ ግን ልብዎ ብዙም አልተረፈም፦ በ2018 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትንተና በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 ከሚያጨሰው ሰው የልብ በሽታ ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አሳይቷል። የቀሩትን ሦስቱን በማስቲካ ይተኩ።

«ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ አጭሶ አያውቅም። አሁን ኒኮቲን ያለበት ትንሽ ነጭ ከረጢት ከከንፈሩ ሥር ያደርጋል። ስዊድን ውስጥ ሁሉም ያደርገዋል ይለኛል።» (ከስቶክሆልም)

እናቴ፣ ስለ ስዊድን ያለው ከእውነት የራቀ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበር በ1992 ስኑስን (እንደዚሁ ከከንፈር ሥር የሚደረገውን የስዊድን ትምባሆ) ሲያግድ፣ ስዊድን በ1995 ስትገባ ከእገዳው ነፃ ሆነች፤ ብዙ ወንድ አጫሽ ወደ ስኑስ ዞሮ ዛሬ በየቀኑ የሚያጨሰው አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ነው። ያተረፉት ግን አጫሾቹ ናቸው። ልጅዎ የሚተወው ሲጋራ የለውም፤ የሚገዛው አዲስ ሱስ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ማስረጃ ለስዊድኑ ስኑስ እንጂ ለአገራችን ሱረት ወይም ቶምባክ ለሚባለው፣ በአፍ ለሚያዘው የሱዳን ትምባሆ አይሠራም፤ ቶምባክ ካንሰር አምጪ ኬሚካሉ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ሳይቆጡ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሚሊግራም አብረው ያንብቡ፤ በቀን ስንት እንደሚጨርስ ይጠይቁት። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ዝቅተኛው መጠን ይውረድ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚይዘውንም በየቀኑ ትንሽ ያዘግየው። ቆርቆሮውን ደግሞ ትንንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ አንድ ከረጢት የዋጠ ሕፃን በኒኮቲን ሊመረዝ ይችላልና ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰዳል።